ሆዳችን ላይ የረጋው ወተት

ክፍሉ ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት ብርዱ ከውስጥ ወጥቶ ተቀበለኝ። የደብረ ብርሃንን ብርድ የማውቀው ይመስለኝ ነበር፤ ዕድሜዬን ያስተማርኩት እዚያው ነው። ሲሚንቶ ላይ ሲተኙበት ግን ሌላ ነው።

ያሳሰረኝ በመምህራን ስብሰባ ላይ የተናገርኩት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ለሚመለከታቸው ያደረሰው ምክትል ርዕሰ መምህራችን ነው። ስሙን አልጽፍም። እሱ ራሱን ያውቃል።

ውስጥ ሦስት ሴቶች አገኘሁ። አንዷ የአልዩ አምባ ነጋዴ ናት፤ ታማ ግድግዳው ሥር ተኝታለች። የቀመሰችውን ሁሉ ታስመልሳለች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል።

"ምን ቢመጣልሽ ትቀምሻለሽ?" አልኳት።

"እርጎ። ኮምጠጥ ያለ እርጎ ባገኝ።"

እርጎ ከውጭ አይገባም። ጥበቃዎቹ ወተት ያሳልፋሉ፤ በጠርሙሱ ውስጥ ወለል ብሎ ይታያላ። እርጎ ግን ወፍራም ስለሆነ ነገር ይደበቅበታል ይላሉ። ስለዚህ እህቴ ጥሬ ወተት አመጣችልኝ፤ ይርጋ ብዬ ጥግ ላይ አስቀመጥኩት። ቀናት አለፉ፤ ያው ወተት ነው። የአልዩ አምባዋ ጠርሙሱን አየት አደረገች።

"እሱም እንደኔ በርዶታል" አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያን ቀን ውሃም እምቢ አለች። ልትሞትብን እንደሆነ ሁላችንም ገባን።

እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ወተት የሚያረጋው ባክቴሪያ መሆኑን ለስንቱ ልጅ አስተምሬያለሁ። ብርድ አይገድለውም፤ መራባቱን ያዘገየዋል። ሙቀት ሲያገኝ ካቆመበት ይቀጥላል። እዚያ ክፍል ውስጥ እሳት የለም፣ ፀሐይ አይገባም። የሚሞቅ ነገር ቢኖር የእኛው ገላ ነው።

ጠርሙሱን በነጠላ ጠቅልዬ ቀሚሴ ሥር፣ ሆዴ ላይ አሰርኩት። ቅዝቃዜው አንጀቴ ድረስ ገባ።

"ስንት ወርሽ ነው እትዬ?" አለችኝ ከሦስቱ አንዷ፣ ከጫጫ ከተማ የመጣችው ሴት፤ ቀልድ የማያልቅባት ነበረች።

"ወሩን እንጃ።"

"አባቱስ?"

"ምክትል ርዕሰ መምህሩ!"

ከገባሁ ወዲህ በዚያ ክፍል ሳቅ የሰማሁት ያኔ ነው። የአልዩ አምባዋ ሳትቀር ሳቀች። "ወላሂ፣ ፊቱ በሱ እንዳይወጣ!" አለች፣ ሆዷን ይዛ።

ተራ በተራ ታቀፍነው። አንዷ ስትደክም ሳይቀዘቅዝ ለሌላዋ ታቀብላለች። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ጠርሙሱን አዘነበልኩት፤ አልፈሰሰም። ረግቷል። ልከፍተው ስል በሩ ተከፈተ። የምትጠብቀን ወጣት ሴት ናት።

"እማማ፣ ምንድነው እሱ? አምጪው፣ ይደፋል።"

ጠርሙሱን ወደ ደረቴ አስጠጋሁት። የአልዩ አምባዋ በክርኗ ቀና አለች።

"ወዲህ በይው" አለችኝ።

ስንቅ ሲመጣ ጥበቃዎቹ ያመጣውን ሰው በር ላይ ያስቀምሱታል። የአልዩ አምባዋም ጠርሙሱን ተቀብላኝ ኩባያ ላይ ቀዳች፣ "ቢስሚላህ" ብላ ልጅቷን እያየች ተጎነጨች። አፏን በነጠላዋ ጠረገችና ኩባያውን ዘረጋችላት።

"ይኸው ቀመስኩልሽ። እኛ ቤት እንግዳ ቆሞ አይጠጣም፤ አረፍ በይ፣ ልጄ።"

ልጅቷ ኩባያውን አየች፣ እኛን አየች። አልተቀበለችም። አልደፋችውምም። በሩን ዘግታ ሄደች።

የአልዩ አምባዋ፣ ሁላችን ሳንቀምስ ቀሪውን አልጠጣም አለች። ቀመስንላት። ከዚያ በቀስታ ጠጣች፤ አላስመለሰችም።

ደህና መቆም ስትጀምር ወደ ሌላ ቦታ ወሰዷት። ስትወጣ ማንንም ሳትደገፍ፣ በእግሯ ነው የወጣችው። ከዚያ በኋላ፣ እኔ ከተፈታሁም ወዲህ፣ ወሬዋን አልሰማሁም።

ምክትል ርዕሰ መምህሩ አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲያገኘኝ ጎንበስ ብሎ እጁን ይዘረጋል። እጄን ከነጠላዬ አላወጣም። ዘመዶቼ "አለፈ እኮ፣ ይቅር በይው" ይሉኛል። አላልኩም፤ አልልም። ግን ሲመሽ የማስበው እሱን አይደለም።

አልፎ አልፎ አንኮበርን አልፌ ቁልቁለቱን እወርዳለሁ። አልዩ አምባ ገበያ ውስጥ ስሟን ጠርቼ እጠይቃለሁ። አንዱ "ከዚህ ሄዳለች" ይለኛል፣ ሌላው ወደ ሸቀጡ ይዞራል። እኔ የምመኘው ትንሽ ነገር ናት፦ አንድ ቀን በሯን ሳንኳኳ፣ ከውስጥ "ማነው?" ስትል መስማት።