የወይዘሮ ጀኔቪቭ ኪያር ሲበራ

በአሜሪካ፣ በዊስኮንሲኗ ብራንት ክሪክ፣ በደብራችን ውስጥ ሁለት ሥልጣኖች አሉ፤ አንዱ የአባ ስታኒስላው መንበር ነው፤ ሌላው የኪያሩ ጋን። አባን የሾሟቸው ጳጳሱ ናቸው። ወይዘሮ ጀኔቪቭ ዋሲክን ግን በጋኑ ላይ ማንም አልሾማቸውም፤ ስለዚህም ማንም ሊሽራቸው አልደፈረም። ዓርብ ዓርብ በአዳራሹ የተጠበሰ ዓሣ ስንበላ ከጎኑ የምናነሣው፣ በእንስላልና በነጭ ሽንኩርት በጨው ውኃ የኮመጠጠው ኪያር ከእሳቸው ጋን የሚወጣ ነው።

ወይዘሮ ጀኔቪቭ ከትምህርት ቤት ወጥ ቤት በጡረታ የተሰናበቱ፣ አጠር ደልደል ያሉ፣ በሰውም በአትክልትም ላይ ፈጥነው የሚፈርዱ ሴት ናቸው። ላላ ያለ ኪያርንና ላላ ያለ ሰውን እኩል ይንቃሉ።

ባለፈው ጸደይ የባላቸው የአቶ ክላረንስ ደም ግፊት ከፍ አለና ሐኪሙ ጨው ከለከላቸው። የአቶ ክላረንስ እህት ወይዘሮ ዶሎረስ የደብሩ ጤና ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው፤ ኮሚቴውን የመሠረቱት እሳቸው ሲሆኑ፣ በአብዛኛው አባላቱም እሳቸው ናቸው። ይህንኑ አጋጣሚ ይዘው ጉባኤ ፊት ቆሙ። ግማሹ ምእመን የግፊት በሽተኛ ስለሆነ የጋኑ ጨው በግማሽ ይቀነስ፣ ካልሆነ ጋኑ ወደ ሌላ እጅ ይለፍ አሉ። የማን እጅ እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም።

ወይዘሮ ጀኔቪቭ ጨውን በግማሽ ሊቀንሱ በሁላችን ፊት ቃል ገቡ። ቤታቸው ገብተውም በእውነት ሞከሩት፤ ኪያሩ ግን በሳምንቱ እንደ ረጠበ ካልሲ ላላ። ለጎረቤት አሳማዎች ደፉትና የቀድሞውን ጨው መለሱ፤ ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ከዚያ ወዲህ አቶ ክላረንስ ዓርብ ዓርብ ወደ ጋኑ እጃቸውን በዘረጉ ቁጥር "ለእንግዳ ተው!" እየተባሉ ጣታቸውን በማንኪያ ይመቱ ነበር። እኛም ይህን ከንፍገት ቆጠርነው።

የመከር በዓል ሲደርስ የኬሚስትሪ መምህሩ ኤድሰል ብሬነር ለደብሩ ትርዒት አሰናዳ። ኪያር በሁለት ሹካ መካከል ይሰካል፤ በመስተዋት መከለያ ጀርባ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅበት በቢጫ ብርሃን ይበራል። አብልጦ ያበራ ይሸለማል ተባለ። ወይዘሮ ጀኔቪቭ ዶሎረስን በአደባባይ የሚረቱበት ቀን መምጣቱን አምነው፣ ከጋኑ ሆድ የመረጡትን ኪያር ይዘው ከሁሉ ቀድመው ቀረቡ።

ኪያሩ ሹካው ላይ ከተሰካ በኋላ ወይዘሮ ዶሎረስ ድምፃቸውን አለዝበው ጠየቁ። "መምህር፣ ለመሆኑ ይኼ ነገር በምንድን ነው የሚበራው?"

በዕድሜው ሙሉ ተማሪ እንዲህ ጠይቆት የማያውቀው መምህር ፊቱ በራ። "በጨው ነው፣ ወይዘሮ ዶሎረስ! ጨው ውስጥ ሶዲየም አለ፤ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ቢጫ ያበራል። ሌላ ዓይነት ጨው ብንከት ደግሞ ቀይ ሊሆን ይችላል።"

"እንግዲያው ጨው የበዛበት የበለጠ ይበራላ?"

"እንዴታ!"

አዳራሹ በሙሉ ወደ ወይዘሮ ጀኔቪቭ ዞረ።

"ጀኔቪቭ፣ ከፈለግሽ ኪያርሽን አንሺው፤ ማንም አይታዘብሽም" አሉ ዶሎረስ።

"አንቺ አለሽ አይደል የምትታዘቢኝ! ኤድሰል፣ ልቀቀው!"

ኪያሩ ተንጣጣ፤ እንፋሎት ተፋ፤ ከዚያም አንደኛው ጫፉ እንደ መንገድ መብራት ቦግ አለ። ጭብጨባው ተጀመረና መሐል መንገድ ላይ ቆመ።

"ግማሽ ጨው ይኼ ከሆነ" አሉ ዶሎረስ፣ "ሙሉውማ የሚልዎኪን ከተማ ያበራል!"

ወይዘሮ ጀኔቪቭ ከወንበራቸው ተነሡ። "ዋሽቻለሁ። በግማሽ ሞክሬው ላላብኝ። የላላ ኪያር ደግሞ ለሰው አላቀርብም። በሉ፣ ጋኑን ስጧት።" ይህን ብለው ሲቀመጡ፣ ልጅ የዳሩ እንጂ ጋን ያስረከቡ አይመስሉም ነበር።

ውድድር ነውና ዶሎረስ በግማሽ ጨው ያዘጋጁት ኪያርም ተሰካ። ጠበቅን። ጭስ ወጣ። እንደገና ጠበቅን። ኪያሩ ወገቡ ተሰብሮ ጠረጴዛው ላይ ዘፍ አለ።

"ዶሎረስ፣ ፊውዝሽ ተቃጥሏል መሰለኝ!" አለ ከኋላ ላም አላቢው ሬይመንድ።

"ለጤና ግን... እጅግ ተስማሚ ነው" አለ መምህሩ።

አባ ስታኒስላው አገጫቸውን አሻሹ። ጋኑ ባለበት ይቆይ፣ የጨው ነገር ግን በላዩ በግልጽ ይጻፍ፤ የዶሎረስ ኪያር ደግሞ ለበሽተኞች በሳህን ከጎኑ ይቅረብ ሲሉ ፈረዱ።

በቀጣዩ ዓርብ ከጋኑ ፊት ሰልፉ በር ድረስ ደረሰ። በሳህኑ ፊት ወይዘሮ ዶሎረስ ብቻቸውን ቆመዋል። አቶ ክላረንስ ሹካቸውን ወደ ጋኑ ሲያሻግሩ ሚስታቸው ክንዳቸውን ያዟቸው።

"የእህትህን ብላ።"

"ጄኒ፣ ይኼ እኮ ውኃ ነው!"

"ውኃ ማንን ገደለ? እኔ አንተን ለመቅበር አልቸኮልኩም።"

አቶ ክላረንስ አንዱን ነከሱ፤ ቀጭ የሚል ድምፅ አልተሰማም። ዶሎረስ ዓይናቸውን ከወንድማቸው አፍ ላይ አልነቀሉም። ወይዘሮ ጀኔቪቭ ይህን አዩና መራራ መድኃኒት እንደሚውጥ ሰው ፊታቸውን ጨምደድ አድርገው፣ ሁለት ተጨማሪ ኪያር በባላቸው ሳህን ላይ ጫኑ።

"ወዶታል!" አሉ፣ አዳራሹ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው።

አቶ ክላረንስ በሁለቱ ሴቶች መካከል ብዙ ዘመን የኖሩ ሰው ናቸውና አኘኩ።