ለስላሳው ጠርሙስ

«ካሌዶራ» የምትባለው መርከብ አርጅታ ለቁርጥራጭ ብረት ስትሸጥ፣ ሲሪል ፕራግኔል ከአለቆቹ የለመነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የመድኃኒት ሣጥኗን። ሃያ ሁለት ዓመት በመርከቧ ላይ አስታማሚ ሆኖ ሲከፍተው ሲዘጋው የኖረ፣ ጥግ ጥጉ በናስ የተለበጠ ትልቅ ሣጥን ነው። በወደብ ከተማዋ በሳውዝሃምፕተን ባለችው ጠባብ ቤቱ መስኮት ሥር አስቀምጦት ሰው አያስነካም። ጎረቤቱ ሁሉ የመርከቧ ፍቅር ይመስለዋል። ምን ፍቅር አለ! ጉዱን እየጠበቀ ነው እንጂ።

ሣጥኑ ውስጥ እያንዳንዱ ጠርሙስ የራሱ ጉድጓድ አለው። የሚጠጣው መድኃኒት በለስላሳ ጠርሙስ፣ ለቆዳ የሚቀባው፣ ቢጠጡት የሚገድለው መርዝ ደግሞ ጎኑ ሸንተረር ባለው ጠርሙስ ይቀመጣል፤ መብራት ቢጠፋ እንኳ ጣት እንዲለየው። አንድ የማዕበል ቀን የመርዙ ጠርሙስ ተሰነጠቀ። ሲሪል መርዙን ባዶ ለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ ገልብጦ እዚያው ጉድጓድ መለሰው። «ሣጥኔን አውቀዋለሁ» ብሎ ወረቀት እንኳ አልለጠፈበትም። ትዕቢተኛ! በማግስቱ ማዕበሉ ሳይበርድ መብራት ጠፋ። የመርከቧን እሳት ከሚያነዱት አንዱ፣ አልፍ ሂበርድ፣ በትኩሳት ይቃትታል። መርከቧ ስትናጥ የሲሪል እጅ አንድ ጉድጓድ ሳተ፤ ጣቱ ለስላሳ ነገር ነካ፤ አጠጣው። መዝገቡ ላይ «ልቡ ደክሞ ሞተ» ተብሎ ተጻፈ፤ አስከሬኑም ባሕር ገባ። ጠርሙሱን ሊወረውረው ስንት ጊዜ አነሣው፣ አልሆነለትም።

የአልፍ ሚስት ሄቲ ከእሱ ሁለት ቤት አልፎ ነው የምትኖረው። ባሌን እስከ መጨረሻው ያስታመመልኝ ሰው ነው ብላ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ትኩስ ምሳ ታመጣለታለች። ከእሷ ሌላ በሩን የሚያንኳኳ የለም።

የዚያን እሑድ የበግ ጥብሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወደ ሣጥኑ ዞረች።

«እንዲህ የሚጠብቁት ሚስት ደብቀውበታል እንዴ?» አለችው እየሳቀች።

«አሮጌ ጠርሙስ ነው ወይዘሮ ሂበርድ፣ ምን ይታያል ብለው ነው።»

ሳቋ ጠፋ። «ለአልፍ መቃብር የለኝም። መጨረሻ የጠጣበትን ቢሰጡኝ አልጋዬ አጠገብ አስቀምጠው ነበር።»

መልሱን ሳትጠብቅ ክዳኑን ከፈተችው። ሲሪል ካሉት ጠርሙሶች አንዱን አንሥቶ ቢሰጣት ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር፤ ምሳውም አይቀርበትም። አነሣም። ማታ ማታ ያንን የውሸት ጠርሙስ ስትስመው ታየውና አንጀቱ አልቻለም። የያዘውን መልሶ፣ ሸንተረር ካላቸው መካከል ለስላሳውን አወጣ።

«ይሄ ነው። መድኃኒት አልነበረበትም። የሚቀባ መርዝ ነበር። ተሳስቼ ያጠጣሁት እኔ ነኝ።»

ሄቲ ጠርሙሱን ተቀብላ በጣቷ ዳበሰችው።

«ሲጠጣው አመሰገነህ?»

ሲሪል ቀና ማለት አቃተው። «አዎ። ተባረክ አለኝ።»

ጠርሙሱን በመሐረቧ ጠቀለለችው። ሳህኑን ከነጥብሱ አንሥታ ወጣች፤ በሩንም አልዘጋችውም።