ሲናር የነቀልኩበት ክረምት

በአረም ነቀላ የሚያህለኝ የለም ብዬ ነው ያደግሁት። ሌላው ሁሉ ይቅር፤ በትምህርት መካከለኛ ነበርኩ፣ ስዘፍን ሰው ይበተናል፣ በሩጫ እንኳ ታናሽ እኅቴ ትቀድመኛለች። ገብስ ማሳ ውስጥ ካስገባችሁኝ ግን ሌላ ሰው ነኝ። ዳባት አጠገብ ባለው መሬታችን አባቴ ሲናርን እንደ ግል ጠላቱ ነበር የሚያየው፤ እኔም ጠላትነቱን እንዳለ ወረስኩት።

ሲናርን ለማያውቅ ሰው ልንገረው። ገና ቡቃያ ሳለ ከገብስ ለመለየት ዓይን ይጠይቃል። ሁለቱም አረንጓዴ፣ ሁለቱም ቀጫጭን፣ አንድ እናት የወለደቻቸው ይመስላሉ። ነገር ግን የገብስ ቅጠል ከአገዳው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ሁለት ትንንሽ ጆሮዎች አሉት፤ አገዳውን ከግራና ከቀኝ እቅፍ ያደርጉታል። ሲናር ጆሮ የለውም። አባቴ «ጆሮ ስለሌለው ነው ውጣ ሲሉት የማይሰማው» እያለ ያስቀን ነበር። ከፍ ሲል ደግሞ የገብሱ ቅጠል ወደ ቀኝ፣ የሲናሩ ወደ ግራ ይጠመዘዛል። እኔ ይህን ሁሉ ሳላይ በጣቴ ዳብሼ እለያለሁ። የምናገረው ለመኩራራት ነው፤ አልደብቅም።

ኋላ ግን እርሻውን ለወንድሞቼ ትቼ ደባርቅ ገባሁና መናኸሪያው አጠገብ ጎሚስታ ሆንኩ። አንድ ቀን የአንድ ባጃጅ ጎማ ተንፍሶ መጣ። ተሳፋሪዋ ከደባርቅ በላይ ደጋው ላይ ያለችው የአምባራስ ልጅ ናት፤ ደባርቅ ቤት ተከራይታ ኮሌጅ ትማራለች። በርጩማዬ ላይ ቁጭ ብላ «ወንድሜ፣ እንዲህ ከዘገየህ በእግሬ ብሄድ አይሻልም?» አለችኝ። በእርግጥም ዘግይቼ ነበር፤ ሆን ብዬ። ጎማው ተጠግኖ ሄደ፣ ልቤም አብሯት ሄደ። ተዋደድንና በዓመቱ፣ ከፋሲካ በኋላ፣ አባቴንና የንስሐ አባታችንን ሽማግሌ አድርጌ ወደ አባቷ ላክሁ።

አባቷ ሽማግሌዎቹን አክብረው ተቀበሉ፤ መልስ ግን አልሰጡም። «ልጁን አላውቀውም» አሉ። «ሐምሌ ላይ የአረም ደቦ አለብኝ። ይምጣና ልየው።»

ይህን ስሰማ ጎማ የምፈታበትን ብረት ወርውሬ ጨፈርኩ። አረም! ከዓለም ሥራ ሁሉ መርጠው አረም! እረስ ቢሉኝ ኖሮ እጨነቅ ነበር፤ እጨድ ቢሉኝም ከኔ የሚሻል አይጠፋም። በአረም ግን ልጅቷ በእጄ ገባች ብዬ ደመደምኩ። እሷ ደውላ «ቀስ ብለህ፣ ሰው እያየህ ሥራ» ብላ መክራኝ ነበር። ምክሩን ሰማሁት እንጂ አልተጠቀምኩበትም።

በአይሱዙ ተሳፍሬ ዋዜማውን አምባራስ ደረስኩ። ጠዋት ጉሙ ማሳው ላይ ተኝቶ፣ ብርዱ ጣት ይቆርጣል። አባቷ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ጋቢያቸውን ደርበው የላስቲክ ቦት ጫማ ያጠለቁ ሰው ናቸው። ለእያንዳንዳችን ድርሻችንን ለዩልን፤ ለእኔ የዳር ድርሻ ደረሰኝ። «በሉ እንግዲህ፣ አረሙን አደራ» አሉና ወደ ላይኛው ጫፍ ሄዱ።

ዝቅ ብዬ ሳይ ማመን አቃተኝ። ማሳው በሲናር ተሞልቷል! ሰዎቹ ቱልቱንና የዱር ጎመኑን እየመነገሉ፣ ሲናሩን ግን እንደ ቤተ ዘመድ እያለፉት ይሄዳሉ። ምነው፣ የዚህ አገር ሰው ዓይን የለውም እንዴ? አልኩ በልቤ። አዘንኩላቸው ልበል? አይ፣ ደስ አለኝ። አማት የሚሆኑኝን ሰው የማስደንቅበት ቀን ይኸው መጣ። እጅጌዬን ሰብስቤ ገባሁበት። ከነሥሩ መዝዤ፣ አፈሩን አራግፌ፣ ከዳር እከምራለሁ። አንዲት ገብስ አልነካሁም፤ አንድ ሲናርም አልተውኩም።

ረፋዱ ላይ እሷ ከሴቶቹ ጋር ዳቦና ጠላ ይዛ ከማሳው ራስ ብቅ አለች። አየችኝና እጇን አወዛወዘች። እኔም አወዛወዝኩ። ራሷን ነቀነቀች። አትድከም ማለቷ ነው፣ ሆድዬ አዘነችልኝ ብዬ ፍጥነቴን እጥፍ አደረግሁት። በሁለት እጇ ራሷን ስትይዝ እንኳ በጉብዝናዬ ተገርማ ነው የመሰለኝ።

ከዚያ አባቷ በድርሻዬ በኩል መጡ። ክምሩ አጠገብ ቆመው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ምንድን ነው ይኸ?»

«ሲናር ነው አባቴ» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

«ሲናር መሆኑንማ አየሁት። ማን ንቀል አለህ?»

ደቦው ሁሉ ቀና አለ። አንዱ ጎረቤት ሳቁን ለማፈን ፊቱን በጋቢው ሸፈነ፤ አልቻለም። ነገሩ ለካ እንዲህ ኖሯል፦ እነሱ ሲናሩን ከገብሱ ጋር ቀላቅለው ነው የሚዘሩት። በዚያ ከፍታ ገብሱን ውርጭ ሲመታው ሲናሩ ይተርፋል። ዱቄቱ ከገብስ ጋር ዳቦ ይሆናል፣ ለጠላም ይገባል፣ ገለባውን በቅሎ ትወደዋለች። እኛ ጠላት ያልነው እዚያ ባለ ድርሻ ነው። ይኸኛው ሲናር ፍሬው ነጣ ያለ ነው፤ ቢበስልም አይረግፍም፣ አጫጁን ጠብቆ ከገብሱ ጋር አውድማ ይገባል። የሚጠሉት ሌላውን ነው፣ ፍሬው ጠቁሮ ጸጉር ያለውን። እሱ ሳይታጨድ ይረግፍና መሬት ውስጥ ይደበቃል። ቡቃያ ሳሉ ሁለቱን የሚለይ ስለሌለ ዘለላው እስኪወጣ ይጠብቁና ጥቁሩን ብቻ ይነቅላሉ። በዳባት ይህን ያስተማረኝ አልነበረም።

ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ። መሬት ብትከፈት ደስ ይለኝ ነበር። እናቷ «ኧረ ተዉት ልጁን፣ እህል ይቅመስ!» ብለው ዳቦ በእጄ ባያስይዙኝ ኖሮ በእግሬ ደባርቅ እገባ ነበር።

ማታ ስሰናበት አባቷ አልተቆጡም፤ እሱ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ። «ለሽማግሌዎችህ ንገራቸው» አሉ። «መልሱ ከአጨዳ በኋላ ነው። ድርሻህ የሚያወጣውን እንየው።»

ያን ክረምት እንዴት እንዳለፈ አትጠይቁኝ። የአንዱን ጎማ ለሌላው መኪና እስከመግጠም ደረስኩ። ዳባት ሄጄ ለአባቴ ስነግረው ደግሞ ባሰበት። «ሲናር ይዘራሉ? ሰው ሲናር ይዘራል? ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች አይሆኑንም!» ብሎ ተነሣ። እናቴ ናት «የምታገባው ልጅቷን እንጂ ማሳውን አይደለም» ብላ ያስቀመጠችው። ልጅቷ በበኩሏ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ እየወጣች ትደውልልኛለች። ድርሻዬ እንዴት ሆነ ስላት ወሬ ትቀይራለች። ወሬ መቀየሯን አልወደድኩትም።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ተጠራሁ። ሌላው ማሳ ገብሱም ነጩ ሲናርም ተስማምተው ወርቅማ ሆነው ቆመዋል። የኔን ድርሻ ለማወቅ ጠቋሚ አላስፈለገኝም። ማንም ስላልነቀለለት ከገብሱ በላይ ተመዝዞ የወጣ ጥቁር ሲናር ሞልቶታል፣ ፍሬውም ገና ማጭድ ሳይነካው እየረገፈ ነው። ነጩን ስነቅል አፈሩን አላላሁት፣ ብርሃን አስገባሁለት፤ ያ ከሥር ለስንት ዓመት ተኝቶ የነበረው ጥቁር ዘር ጥሪውን ሰማና ተነሣ። አለቀልኝ አልኩ። እውነቱን ለመናገር እንባዬ መጣ።

አባቷ ጎንበስ ብለው አንዲት ጥቁር ፍሬ አነሡና መዳፌ ላይ አስቀመጧት። ከኮዳቸው ውሃ ጠብ አደረጉባት። ፍሬዋ የተቆለመመች ጭራ አላት፤ ውሃው ሲነካት ጭራዋ ቀስ ብላ መዞር ጀመረች፣ ፍሬዋም አብራ ተገላበጠች።

«አየሃት? መሬት እየቆፈረች ነው» አሉ። «ጭራዋ ዝናብ ሲነካት ይፈታል፣ ፀሐይ ሲመታት ይጠመዘዛል፤ እንዲያ እያለች ትቀበራለች። አገዳው በአንድ ክረምት ይሞታል፣ ዘሩ ግን አይሞትም። ግማሹ ከርሞ ይነሣል፣ ግማሹ ከዚያ ወዲያ ሲያሻው ይነሣል። ያስነሣኸው አንተ ነህ። በየክረምቱ እየመጣህ ትነቅለዋለህ።»

«እነቅላለሁ አባቴ» አልኩ። «ብቻዬን እስከ መቼ ነው የምነቅለው?» አልኳቸው።

አባቷ ማጭዳቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ብቻህንማ ብዙ አትቆይም» አሉ። «የልጅ ልጆቼ ሲደርሱልህ ያግዙሃል።»

የልጅ ልጆቻቸው እነማን እንደሆኑ ገና እያሰብኩ ሳለ፣ ከነዶው ማዶ እናቷ እልልታውን አቀለጡት።