ጅማት የመረጠው እንግዳ

ውድነሽ በደብረ ታቦር ገበያ የክራር ጅማት ስትሸጥ፣ አንድ የማታውቀው እንግዳ ፊቷ ቁጢጥ አለ። እንደ ሕፃን ያቀፈውን ክራር ከጋቢው ሥር ገልጦ አሳያት። አውታሩ ጣሊያን በገሳይ መንገድ የዘረጋው የስልክ ሽቦ ነው፤ ያን የቆረጠ ይሰቀላል።

«እንደ ደወል የሚጮኸውን ሽቦ ፈትተህ ጅማት ልታስር?» አለችው።

«ጅማት ይሻለኛል፣ እቴ። ሲያለቅስም ቀስ ብሎ ነው።»

ሽቦውን ፈትቶ ጅማቱን ሲያስር እጁን አየችው። የክራር መቺ የጣቱ ጫፍ ይደድራል፤ የእሱ ግን መዳፉ ነው የተተለተለው። ወዲያው ገበያውን የሚጠብቀው ባንዳ ከእህል ተራ ብቅ ሲል፣ ውድነሽ ሽቦውን ነጥቃ ተቀመጠችበት።

እንግዳው ያልተቃኘውን ጅማት መታ።

«ይኸ ክራር ነው ድመት?» ባንዳው ስቆ አለፈ።

እንግዳውም በገሳይ በኩል ሄደ። ውድነሽ ግን ገበያው እስኪበተን ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።