ስለ እኅቱ የተዘፈነው
ሸዋ ሮቢት ሁለተኛ ደረጃ ስንማር አራት ጓደኛሞች ጩኸት የበዛበት ሮክ የሚጫወት የሜታል ባንድ ነበረን፤ እኔ ቤዝ ጊታር እጫወት ነበር። ጩኸታችንን የማያውቅ አልነበረም። የድራም ተጫዋቹ እናት፣ «ማሽላው ሲያሸት ማሳ ላይ ባቆማችሁ ወፍ ጠባቂ ባልቀጠርኩ!» እያሉ ይስቁብን ነበር።

ድምፃዊያችን ታላቅ እኅቱ ወደ ማጀቴ ከተማ ተድራ ከሄደች በኋላ ስለ እሷ ለስለስ ያለ ዘፈን ጻፈ። መጀመሪያ «ይሄ ምኑ ሜታል ነው?» ብለን ተከራከርነው፤ ስንለማመደው ግን ወደድነው። ለትምህርት ቤቱ የወላጆች ቀን እኅቱ መጥታ ነበርና፣ እሱ የፈለገው እሷ እንድትሰማው ብቻ ነበር።

መድረክ ላይ ስንወጣ ከፊት ያሉት እንደ ልማዳቸው ጆሯቸውን ያዙ። እኅቱም ጆሮዋን በሁለት መዳፏ ደፍና አቀረቀረች። ዘፈኑ ተጀመረ፤ እሷ አትሰማም። ድምፃዊው ግን ዓይኑን ከእሷ ላይ ሳያነሳ መዝፈኑን ቀጠለ። ይሄኔ አጠገቧ የተቀመጡት የድራም ተጫዋቹ እናት እጇን ጎትተው፣ «ስሚ እንጂ አንቺ! ማጀቴ እያለ ስላንቺ ነው የሚዘፍነው!» አሏት።

ትንሽ አዳመጠችና እልል አለች። ዘፈኑ ሳያልቅ መድረክ ላይ ወጥታ ወንድሟን አቀፈችው። እኛም ምን እንደምናደርግ ስላላወቅን፣ እስክትለቀው ድረስ ያንኑ ዜማ እየደጋገምን ተጫወትን።