በግራዝማች ጥላዬ ስም

ግዛው ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ሸሽቶ ጄኔቭ የገባ፣ አዛውንት እየተንከባከበ ፓኪ የሚባል ሰፈር ውስጥ የሚኖር ሰው ነው። ጨዋታው አይጠገብም፤ ስለ ገዛ ቤተሰቡ ካልተጠየቀ።

የሚንከባከባቸው ማዳም ኦዲል አንድ ቀን ከጣሪያ ሥር ሳጥን አስወረዱት። የጥንት አያቶቻቸው በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ዘመን ካሮላይና የሚባል የአሜሪካ አገር ሰፊ የሩዝ እርሻ ነበራቸው። ሳጥኑ ውስጥ የባሪያዎቻቸው ዝርዝር ተገኘ፤ ስም ብቻ፣ አባት የሌለው ስም። አሮጊቷ እጁን ይዘው አለቀሱ።

«በወገኖችህ ላይ ስላደረግነው ይቅር በለን» አሉት።

«ይቅር ብያለሁ፣ ማዳም» አለ። ማን ወክሎት እንደሆነ እንጃ።

እሑድ ዙሪክ ወርዶ፣ አፎልተርን ሰፈር ባለችው ትንሽ የአበሾች ጉባኤ ይህንኑ ለምስክርነት ቆሞ ተናገረ። ቤቱ በሃሌሉያ ቀለጠ፤ ፓስተር ሙሉነህም አቀፈው። ከኋላ የተቀመጡት ወይዘሮ ብዙነሽ ብቻ አሜን አላሉም።

ጉባኤው ወይዘሮ ብዙነሽን የግዛው አክስት አድርጎ ነው የሚያውቃቸው። ሁለቱም መታወቂያቸው ላይ «ጥላዬ» ናቸውና ማን ይጠይቃል? ግዛውም አፉን ሞልቶ «አክስቴ» ሲል ኖሯል። አያቱ ግራዝማች ጥላዬ ግን ቦንጋ አጠገብ ለነበራቸው የቡና መሬት የወይዘሮ ብዙነሽን እናት በልጅነቷ ገዝተው ነው ያመጧት። ከአንድ ቡና ለቃሚ ስትወልድም ልጅቱ በጌታዋ ስም ተጠራች፤ ይህም እንደ ደግነት ተቆጠረ። ግዛውን አዝላ ያሳደገችው ያቺው ልጅ ናት። እሱ «እትዬ» ማለት የጀመረው እዚህ አገር ከተገናኙ ወዲህ ነው፤ ያውም ሰው ፊት እንዳያፍር።

ከጉባኤው ወጥተው ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ሸኛቸው።

«እትዬ፣ ምስክርነቴ ደስ አላለዎትም?»

«ጥሩ ተናገርክ። ሴትዮዋ አልቅሰው ለመኑህ?»

«አዎ።»

«ደግ ናቸው» አሉ ወይዘሮ ብዙነሽ።

ግዛው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ሌላው ቢቀር፣ ሃምሳ ዓመት ሙሉ አንድ ጥያቄ እንኳ ጠይቋቸው አያውቅም።

«የአባትዎ ስም… የእውነተኛው አባትዎ… ማን ነበር?» አለ፣ ቀና ብሎ ሳያያቸው።

አውቶቡሱ መጣ። በሩ ተከፍቶ ጠበቃቸው፤ ሳይገቡ ተዘግቶ ሄደ።

«እናቴ ነግራኝ ነበር» አሉ። «የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር እነግረዋለሁ ብዬ ብዙ ዘመን በልቤ ይዤው ቆየሁ። አሁን ግን ጠፋኝ፣ ልጄ።»