ለታደገ የተውነው ቦታ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ሕይወት ከጎንደር ደወለችልኝ። እዚያ ሙዚቃ ታስተምራለች። «አክስቴ፣ ፌስቲቫል አዘጋጅተናል፤ ክራርሽን ይዘሽ ትመጫለሽ» አለችኝ። ትመጫለሽ ወይ ብላ መጠየቅ የለም፤ የዛሬ ልጅ እንዲህ ነው። ማይክ የለም፣ ጭፈራ የለም አለች፤ ትንሽ አዳራሽ ውስጥ ሦስት አራት ሰው ተቀምጦ ይጫወታል፣ ሌላው ፀጥ ብሎ ይሰማል። ከአዲስ አበባ ቫዮሊንና ቼሎ የሚጫወቱ ይመጣሉ፤ ከእኛ በኩል ደግሞ ክራር፣ ማሲንቆና ዋሽንት። «ቻምበር ሙዚቃ ይባላል» ስትለኝ ሳቄ መጣ። እኛ ደባርቅ ላይ ስሙን ሳናውቀው ተጫውተነዋል።

ይኸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀን እቆጥራለሁ። የክራሬን ክሮች ቀየርኩ፣ ጥፍሬን ማሳደግ ጀመርኩ። ጡረታ የወጣች አስተማሪ በዚህ ዕድሜዋ እንደ ሙሽራ ስትቁነጠነጥ ማየት አሁን በምኖርበት በዳባት ላሉ ጎረቤቶቼ ሳቅ ሆኗል። ደስታዬ ግን ንጹሕ አይደለም፤ ከሥሩ ፍርሃት አለበት። እንዲህ ቀን የቆጠርኩት ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ያን ጊዜ ደባርቅ አሥራ አንደኛ ክፍል እማር ነበር። ሦስት ጓደኛሞች ነበርን፤ እኔ በክራር፣ ሞላ በማሲንቆ፣ ታደገ በዋሽንት። በጥቅምት ጎንደር ላይ የተማሪዎች የሙዚቃ በዓል አለ ተባለና ክረምቱን ሙሉ ተለማመድን። የራሳችን ዜማ ነበረን። ሦስተኛው ዙር ላይ እኔና ሞላ ቀጥ እንላለን፣ ታደገ ብቻውን ይገባል። ከመንፋቱ በፊት «እህ» ብሎ ትንፋሹን ይስብ ነበር። «አንተ፣ ዋሽንት ነው ወይስ ወፍጮ የምታነሳው?» እያለ ሞላ ይስቅበታል። ጎንደርን ያየ ከመካከላችን አልነበረም። እሸት ባቄላ እየፈለፈልን ስለ ጎንደር ኬክ ቤቶች እናወራለን።

በነሐሴ መጨረሻ ታደገ አጎቱን በአረም ሊያግዝ ወደ አዲ አርቃይ ወረደ። ደገኛ ቆላ ሲወርድ ወባ አይምረውም። መስከረም ላይ ሞቶ እዚያው ተቀበረ ተብሎ መርዶው መጣ። ለእናቱ ለእትዬ ጥሩነሽ አንድያ ልጃቸው ነበር። አስከሬኑን ስላላዩ ይሁን እንጃ፣ አላለቀሱም። ለቅሶ ቤቱ ሲጮህ እሳቸው በር በሩን ያዩ ነበር።

እኛ አገር ሐዘን ባለበት ሰፈር እስከ አርባው ሬዲዮ እንኳ አይከፈትም፤ የክራርማ ወሬውም አይነሳ። በዓሉ ደግሞ ከአርባው በፊት ነው የሚውለው። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፣ ግን መሄድ ፈለግሁ። በጣም ፈለግሁ። ሞላም እንደዚያው። ስለዚህ ሰው እንዳይሰማን ከትምህርት በኋላ ከከተማው እየወጣን፣ የሊማሊሞ ቁልቁለት ከሚጀምርበት ገደል አፋፍ ላይ መለማመድ ጀመርን።

ጥፋታችን ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ሞላ «የታደገን ቦታ እንዝለለው» አለ። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። «ገና አፈሩ ሳይደርቅ ቦታውን ልንነጥቀው? ነውር ነው!» አልኩት። እናም ሦስተኛው ዙር ላይ ስንደርስ ዝም እንላለን፤ በእግራችን እየቆጠርን የእሱን ልክ እንጠብቅና እንቀጥላለን። ለሙት ቦታ ተውንለት ማለት ነው።

በሦስተኛው ቀን ጉም ከቆላው ተነስቶ አፋፉን ሞላው። ገና ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ የራሴን ክራር ጫፍ ግን በቅጡ አላየውም። ነፋስ የለም፣ የዝንጀሮ ድምፅ እንኳ የለም። ቦታው ላይ ደርሰን ዝም ስንል፣ ከገደሉ በኩል «እህ» የሚል ትንፋሽ ተሰማ። ቀጥሎ ዋሽንት። ልክ በቦታው ገባ፣ ልክ በቦታው ወጣ።

«የገደል ማሚቶ ነው» አለ ሞላ።

«ማሚቶ የነገሯትን ነው የምትመልስ። እኛ ምን አልናት? ዝም ነው ያልነው» አልኩት።

እግሬ አውጪኝ አልን።

ሞላ «በሆድሽ ያዥው» ብሎኝ ነበር። ወይ እኔ! መቼ ነገር በሆዴ ያድርና! በማግስቱ ሄጄ ለእትዬ ጥሩነሽ ነገርኳቸው። ያጽናናቸዋል ብዬ ነው፤ ልጅነት። ድንች ይልጡ ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጡ።

«ቅዳሜ ልጄ ከሞተ ሠላሳ ቀኑ ነው። ወስዳችሁ ታሰሙኛላችሁ» አሉ።

«ቅዳሜ እኮ መኪናው ወደ ጎንደር የሚነሳበት ቀን ነው፣ እማማ።»

«እንግዲህ ልጄ፣ እኔ ምን እላለሁ» አሉና ድንቻቸውን መላጥ ቀጠሉ።

ከዚህ በኋላ ማን ይሄዳል? ቅዳሜ ጠዋት መኪናው ሌሎቹን ተማሪዎች ጭኖ ሲነሳ ጥሩምባውን ከቤቴ ሆኜ ሰማሁት። አለቀስኩ። ለታደገ ሳይሆን ለራሴ ነበር ያለቀስኩት።

እትዬ ጥሩነሽ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከእኛ ጋር መጡ። ጉሙ ከፊተኛው ቀን ይብስ ነበር። ሄደው ገደሉ ከንፈር ላይ ተቀመጡ። «እማማ፣ እባክዎ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉ» ብንላቸው ንቅንቅ አላሉም።

«ከመጣ ወደ እሱ እሄዳለሁ» አሉ፤ ገበያ ልሂድ እንደሚል ሰው፣ በቀላሉ። «ካልመጣ ቤቴ እገባለሁ።»

ምን እንዳደረግሁ የገባኝ ያኔ ነው። ክራሬን ላስቀምጥ ቃጣኝ። ሳንጫወት ብንቀር ደግሞ ከዚያ አይነሱም። ሞላ ጀመረ፣ ተከተልኩት። አንደኛ ዙር፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። አምላኬ፣ በእመቤቴ ይዤሃለሁ፣ ዛሬ አይምጣ እያልኩ በልቤ ጸለይኩ፤ ቦታው ላይ ደርሰን ዝም አልን።

መጣ። ከፊተኛው ይልቅ ቀርቦ፣ ከእሳቸው እግር ሥር የሚነፋ እስኪመስል። «እህ» አለና ገባ። ደጋኑ ከሞላ እጅ ወደቀ። እትዬ ጥሩነሽ አንገታቸውን ወደ ገደሉ ዘንበል አድርገው፣ እጃቸውን ከጆሯቸው ጀርባ አድርገው ይጠብቃሉ። አልሰሙትም! ልጃቸው ከፊታቸው እየነፋ አልሰሙትም።

ዞረው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። «መጣ እንዴ?»

ዋሽንቱ ገና አላቆመም ነበር።

«አልመጣም፣ እማማ» አልኳቸው።

ከዚያ እጃቸውን ለሞላ ሰጡት፣ አነሳቸው። ነጠላቸውን አራገፉና «እንግዲያስ ሞቷል» አሉ። የመጀመሪያውን እንባ ያፈሰሱት እዚያ ነው።

እትዬ ጥሩነሽ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ሳይስሙኝ አያልፉም ነበር። እውነቱን ልንገራቸው ብዬ ስንት ጊዜ ደጃቸው ደርሼ ተመልሻለሁ! እሳቸውም አለፉ፣ ሞላም አለፈ፤ የዚያን ቀን ነገር የማውቀው እኔ ብቻ ቀረሁ። የእህቴ ልጅ ሕይወት አሁን፣ በልጅነቷ ከእኔ የሰማችውን ያንኑ የድሮ ዜማችንን እንድጫወት ትፈልጋለች። ዋሽንት ነፊው ጎበዝ ልጅ ነው፣ ሦስተኛው ዙር ላይ ይገባልሻል ትላለች። እሺ ብያለሁ። እኔ ካቆምኩ በኋላ፣ ልጁ እስኪገባ ግን አንዲት ትንፋሽ የምታህል ዝምታ አለች። የምፈራት እሷን ነው፤ ቀን የምቆጥርላትም እሷኑ። ያን ጊዜ እናቱን ለማትረፍ ብዬ ታደገን ክጄዋለሁ። ዘንድሮ ከመጣ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ መጥቷል እላለሁ።